«ታኦ ፖ!» ፦ በፊሊፒንስ ደጃፍ የተማርናቸው ቃላት



በዛሬው ገጻችን ወደ ሩቅ አገር ይዘናችሁ እንሄዳለን። አገሩ ፊሊፒንስ ይባላል። ከእኛ በስተ ምሥራቅ ነው። ባሕር ተሻግሮ፣ ሕንድን አልፎ፣ ቬትናምንም ትቶ፣ ከሰላማዊ ውቅያኖስ ዳር ይገኛል።

ፊሊፒንስ አንድ ወጥ ምድር አይደለም። ከ7,000 በላይ ደሴቶች ያሉት አገር ነው። ደሴት ማለት ዙሪያውን ውሃ የከበበው መሬት ነው፤ በጣና ውስጥ እንዳሉት ማለታችን ነው። ከደሴቶቹ ሁሉ ትልቁ ሉዞን ነው። ዋናው ከተማ ማኒላም የሚገኘው በዚሁ በሉዞን ላይ ነው።

በዚያ አገር ከ100 የሚበልጡ ቋንቋዎች ይነገራሉ። በማኒላና በአካባቢዋ ያለው ሕዝብ የሚናገረው ታጋሎግ ነው። ብሔራዊ ቋንቋው በታጋሎግ ላይ እንዲመሠረት የታወጀው በ1937 ነው። ዛሬ «ፊሊፒኖ» በሚል ስም በትምህርት ቤት ይማሩታል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እኛ ጥቂት ተማሪዎች የእርሻ ትምህርት ለመማር ወደዚያ ሄደን ለጥቂት ወራት ቆይተን ነበር። የተቀመጥንባት ከተማ ሎስ ባኞስ ትባላለች። ከማኒላ በስተ ደቡብ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከበስተ ኋላዋ የማኪሊንግ ተራራ አለ፤ ከፊቷ ደግሞ በአገሩ ካሉት ሐይቆች ሁሉ የሚበልጠው ሐይቅ ተዘርግቷል። በ1909 የተከፈተ የእርሻ ኮሌጅ አላት። በ1960 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋምም የሚገኘው እዚያው ነው።

ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። አሜሪካኖች ከ1898 ጀምሮ አገሩን ስለ ገዙት፣ በ1946 ነፃ ከወጣ በኋላም እንግሊዝኛ የሚያውቅ ሰው ብዙ ነው። እንግሊዝኛ ለክፍልና ለመሥሪያ ቤት ይበቃል። ከሰው ቤት ለመግባትና ከሰው ማዕድ ለመቅረብ ግን አይበቃም። ለዚህ የሚያስፈልገው የባለቤቱ ቋንቋ ነው።

«ታዲያ ይኸ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ከየመንደራችን ወደ ዓረብ አገርና ወደ ቤይሩት የሄዱ ሴቶች ልጆቻችን አሉ። እዚያም ከፊሊፒንስ የመጡ ሴቶች የቤት ሥራ ይሠራሉ። አንዳንዴ በአንድ ቤት፣ አንዳንዴ በጎረቤት ይገናኛሉ። ይህን ጉዳይ ወደ መጨረሻው እናነሣዋለን። አሁን ግን ወደ ደጃፉ እንሂድ።

በደጃፍ

በእኛ አገር እንግዳ ከሰው ቤት ሲደርስ ዘው ብሎ አይገባም። ከአጥሩ ውጭ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። በታጋሎግ አገርም ልማዱ እንዲሁ ነው። እንግዳው ከደጃፉ ቆሞ «ታኦ ፖ!» ይላል።

«ታኦ» ማለት ሰው ማለት ነው። «ፖ» የአክብሮት ቃል ናት። እንግዳው ስሙን አይጠራም፤ የመጣበትንም ጉዳይ አይናገርም። በቅድሚያ «ሰው መጥቷል» ይላል፤ ያንንም በአክብሮት ይላል። እኛ ቤቱን እንጠራለን፤ እነሱ ሰውነታቸውን ያስታውቃሉ።

ባለቤቱም ከውስጥ ሆኖ «ሲኖ ፖ ሲላ?» ብሎ ይጠይቃል። ቃል በቃል ሲተረጎም «እነሱ ማን ናቸው?» ማለት ነው። እንግዳው አንድ ሰው ቢሆንም እንደ ብዙ ሰው ይጠየቃል። ይኸ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም። እኛም አንድን ሽማግሌ «መጡ፣ ተቀመጡ፣ በሉ» እንላለን። ሰውየው አንድ ነው፤ አክብሮቱ ግን ብዙ ያደርገዋል።

ከዚያ በኋላ «ቱሎይ ፖ ካዮ» ይባላል። «ይግቡ» ማለት ነው። እንግዳውም ጫማውን ከደጃፍ አውልቆ ይገባል።

ትንሿ ቃል «ፖ»

«ፖ» ከሁሉ የምታጥር ቃል ናት። ብቻዋን ትርጉም የላትም። ነገር ግን ከንግግር ውስጥ ስትገባ ንግግሩን ታለሰልሰዋለች። ለአዛውንት፣ ለማያውቁት ሰው፣ ለመምህር፣ ለሐኪም፣ ለባለ ሱቅ ሲናገሩ «ፖ» አትቀርም። ለትንሽ ልጅና ለእኩያ ጓደኛ ግን አትባልም።

«ኦኦ» ማለት አዎን ማለት ነው። በአክብሮት ሲሆን «ኦፖ» ይባላል። «ሂንዲ» ማለት አይደለም ማለት ነው። በአክብሮት ሲሆን «ሂንዲ ፖ» ይባላል። ለሽማግሌ «ኦኦ» ብሎ የሚመልስ ልጅ ወላጆቹ ይቆጡታል። እኛም ዘንድ አዛውንትን «አንተ» የሚል ልጅ ይገሠጻል።

ሰላምታውም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። ለጓደኛ «ኩሙስታ ካ?» ይባላል፤ «እንደምን ነህ?» ወይም «እንደምን ነሽ?» ማለት ነው። ለትልቅ ሰው «ኩሙስታ ፖ ካዮ?» ይባላል። «ካዮ» እናንተ ማለት ነው፤ እዚህ ላይ ግን «አንቱ» ወይም «እርስዎ» እንደምንለው ነው። መልሱ «ማቡቲ ፖ» ነው፤ «ደኅና ነኝ» ማለት ነው። «ኩሙስታ» ከስፓኝ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ነው። ስፓኞች ከ1565 እስከ 1898 አገሩን ገዝተውታል። እነሱ ቢሄዱም ቃላቸው በሰላምታ ውስጥ ቀርቷል።

በየሰዓቱ የሚባል ሰላምታም አለ። «ማጋንዳ» ያማረ ማለት ነው። ጧት «ማጋንዳንግ ኡማጋ ፖ»፣ ከሰዓት በኋላ «ማጋንዳንግ ሃፖን ፖ»፣ ማታ «ማጋንዳንግ ጋቢ ፖ» ይባላል። «ጋቢ» በእነሱ ቋንቋ ማታ ማለት ነው። ማታ ማታ ጋቢ ለምንለብስ ለእኛ ይህን ቃል መርሳት ያስቸግራል!

ምስጋና ሲሆን «ሳላማት ፖ» ይባላል። ይኸ ቃል ሥሩ ዓረብኛ ነው፤ በማላዮች ቋንቋ በኩል አልፎ ከእነሱ ደረሰ። የእኛም «ሰላም» የዚያው ሥር ዘመድ ነው። ለብዙ ምስጋና «ማራሚንግ ሳላማት ፖ» ይባላል። «ማራሚ» ብዙ ማለት ነው።

ሰውን በስሙ ብቻ መጥራት ነውር ነው። ከራስ ጥቂት የሚበልጥ ወንድ «ኩያ» ይባላል፤ ታላቅ ወንድም ማለት ነው። ሴቷ «አቴ» ትባላለች፤ ታላቅ እኅት ማለት ነው። አዛውንቱ «ሎሎ»፣ አሮጊቷ «ሎላ» ናቸው፤ አያት ማለት ነው። ዘመድ መሆን አያስፈልግም። ሾፌሩም «ኩያ» ነው፤ ሽንኩርት ሻጯም «አቴ» ናት። እኛ «ጋሼ፣ እትዬ፣ አባባ፣ እማማ» እንደምንለው ማለት ነው። «አቴ» ከእኛው «እቴ» ጋር ድምፁ ይቀራረባል፤ የተገጣጠመው ግን እንዲያው በአጋጣሚ ነው።

ልጆች ከትልቅ ሰው ፊት ሲቀርቡ «ማኖ ፖ» ይላሉ። «ማኖ» በስፓኝ ቋንቋ እጅ ማለት ነው። ልጁ የሽማግሌውን እጅ ይዞ፣ ዝቅ ብሎ፣ የእጁን ጀርባ በግንባሩ ያስነካል። ጉልበት መሳም ለሚያውቅ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

በመንገድ

በፊሊፒንስ ሕዝብ የሚጓጓዝበት መኪና ጂፕኒ ይባላል። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1945 ሲያበቃ አሜሪካኖች ብዙ የጦር ጂፖች ትተው ሄዱ። የአገሩ ባለ እጆች ጂፖቹን አስረዘሟቸው፣ ጣራ አለበሷቸው፣ በቀለም አሸበረቋቸው። በኋላም ራሳቸው ይሠሯቸው ጀመር። ከ2017 ወዲህ መንግሥት አሮጌዎቹን በአዳዲስ መኪናዎች ለመተካት ዕቅድ አውጥቶ ሲሠራ ቆይቷል።

ተሳፋሪው የሚገባው ከኋላ ነው። በግራና በቀኝ ሁለት ረጃጅም አግዳሚዎች አሉ። ሰው ፊት ለፊት ተያይቶ ይቀመጣል። ብዙውን ጊዜ ረዳት የለም። ታዲያ ከኋላ ጫፍ የተቀመጠ ሰው ሒሳቡን እንዴት ይከፍላል?

ገንዘቡን አውጥቶ «ባያድ ፖ!» ይላል። «ሒሳብ!» ማለት ነው። «ፓኪአቦት ፖ» ይጨምራል፤ «እባክዎ ያቀብሉልኝ» ማለት ነው። አጠገቡ ያለው ተቀብሎ ለሚቀጥለው ይሰጣል። ገንዘቡ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከሾፌሩ ይደርሳል። መልሱም በመጣበት መንገድ ይመለሳል። መልስ «ሱክሊ» ይባላል። ገንዘቡ በማይተዋወቁ ሰዎች እጅ ሲያልፍ ማንም አያጎድለውም።

መውረድ ሲፈልጉ «ፓራ ፖ!» ይባላል። እኛ በታክሲ ውስጥ «ወራጅ አለ!» እንደምንለው ነው። እነዚህን ሦስት ቃላት የያዘ ሰው የትም ይጓዛል። እኛም ያየነው ይህን ነው። «ባያድ ፖ» ያልን ዕለት አጠገባችን የተቀመጡት ሰዎች እጃቸውን ዘረጉልን፤ ከዚያም ወዲያ የየት አገር ሰዎች እንደ ሆንን ጠየቁን፤ ጨዋታ ተጀመረ።

በእግር ለሚሄድ ሰው ደግሞ «ሳአን ፖ ካዮ ፑፑንታ?» ይሉታል። «ወዴት ይሄዳሉ?» ማለት ነው። ይኸ ምርመራ አይደለም፤ ሰላምታ ነው። ዝርዝር መልስ አያሻውም። «ዲያን ላንግ ፖ» ይበቃል፤ «እዚህ ቅርብ ነው» ማለት ነው።

በገበያ

ገበያ «ፓሌንግኬ» ይባላል። ሩዝ፣ ዓሣ፣ ሙዝ፣ ኮኮናት፣ ቅጠላ ቅጠል ይሸጥበታል። ሻጮቹ አብዛኛውን ጊዜ ሴቶች ናቸው።

ዋጋ ለመጠየቅ «ማግካኖ ፖ ኢቶ?» ይባላል። «ይኸ ስንት ነው?» ማለት ነው። ርካሽ «ሙራ» ነው። ውድ ደግሞ «ማሃል» ነው። «ማሃል» ሌላም ትርጉም አለው፤ የሚወደድ ሰውም «ማሃል» ይባላል። እኛም «በርበሬ ዘንድሮ ውድ ነው» እንላለን፤ ደብዳቤ ስንጽፍም «ውድ ልጄ» እንላለን። ሁለት የማይተዋወቁ ሕዝቦች አንድ ሐሳብ አስበዋል፤ ዋጋው የከበደና ልብ ላይ የከበደ ነገር በአንድ ቃል ይጠራል።

ዋጋ ለማስቀነስ «ዋላ ፖ ባንግ ታዋድ?» ይባላል። «ቅናሽ የለውም?» ማለት ነው። «ታዋድ» ቅናሽም ነው፣ ይቅርታም ነው። በድሎ ይቅርታ የሚለምን ሰው «ፓታዋድ ፖ» ይላል። ከዋጋው ላይ ጥቂት መተውና ከበደሉ ላይ መተው አንድ ቃል ሆነዋል።

ሁልጊዜ ከአንዲት ሻጭ የሚገዛ ሰው «ሱኪ» ይባላል። እሷም ለእሱ «ሱኪ» ናት። በእኛ አነጋገር ደንበኛ ማለት ነው። ሱኪ ለሱኪ ዋጋ አያስወድድም፤ የተበላሸም ዕቃ አይሰጥም።

ቁጥሩ እንዲህ ነው፦ ኢሳ፣ ዳላዋ፣ ታትሎ፣ አፓት፣ ሊማ፣ አኒም፣ ፒቶ፣ ዋሎ፣ ሲያም፣ ሳምፑ። እስከ 10 ቆጠርን ማለት ነው። በገበያ ግን ለዋጋ ብዙ ጊዜ የስፓኝ ቁጥር ይሰማል። ሌላ የሚደንቅ ነገር እንንገራችሁ። በአፍሪቃ አጠገብ ባለችው በማዳጋስካር ደሴት የሚነገረው ቋንቋ የታጋሎግ ዘመድ ነው። ታጋሎጎች 7ን «ፒቶ»፣ 8ን «ዋሎ» ሲሉ፣ የማዳጋስካር ሰዎች «ፊቶ» እና «ቫሎ» ይላሉ። የጥንት ባሕረኞች ቋንቋቸውን ይዘው ያን ሁሉ ውሃ ተሻግረዋል።

በማዕድ

አሁን ወደ ማዕድ እንቅረብ። በፊሊፒንስ ሰው እየበላ ሳለ ሌላ ሰው ቢያልፍ ዝም አይለውም። «ካኢን ፖ ታዮ!» ይለዋል። ይኸ ምን ማለት ይመስላችኋል? ልክ የእኛው «እንብላ!» ነው። በጫካ አጠገብ ምሳውን የፈታ ገበሬም፣ በሱቅ ውስጥ የምትጎርስ ሴትም ይህን ይላሉ። ያለፈው ሰው ካልራበው «ሳላማት ፖ፣ ቡሶግ ፓ ፖ አኮ» ብሎ ይመልሳል። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጠግቤአለሁ» ማለት ነው።

እዚህ ላይ ከታጋሎግ ትልቅ ትምህርት አለ። እኛ «እኛ» የሚል አንድ ቃል አለን። እነሱ ግን ሁለት አሏቸው። «ታዮ» ማለት እኛ፣ አንተም ጭምር ማለት ነው። «ካሚ» ማለት እኛ፣ አንተ ግን የለህበትም ማለት ነው።

ለምሳሌ «አአሊስ ና ታዮ» ከተባለ «መሄዳችን ነው፣ አንተም ተነሥ» ማለት ነው። «አአሊስ ና ካሚ» ከተባለ ግን «እኛ መሄዳችን ነው፣ አንተ ቆይ» ማለት ነው። በአማርኛ ሁለቱም «ልንሄድ ነው» ተብሎ ሊነገር ይችላል፤ እንግዳውም ይነሣ ይቀመጥ ግራ ይገባዋል። በታጋሎግ ግራ መጋባት የለም። ስለዚህ ጀማሪ ተማሪ እነዚህን ሁለት ቃላት ለይቶ ማዳመጥ አለበት። በማዕድ ላይ የሚባለው «ታዮ» ነው እንጂ «ካሚ» አይደለም። እንግዳውን ከውስጥ የሚያስገባው ይኸው ቃል ነው።

የሚበላው ሩዝ ነው። ሩዝም አንድ ስም ብቻ የለውም። በማሳ ላይ ያለው፣ ገለባው ያልወጣለት «ፓላይ» ይባላል። የተፈተገው «ቢጋስ» ነው። የበሰለው «ካኒን» ነው። ገንፎ መሰል ሆኖ ሲቀጥን «ሉጋው» ይባላል። ከድስቱ ሥር የያዘው ቅርፊት ደግሞ «ቱቶንግ» ነው። እንግዲህ ከማዕድ ተቀምጦ «ፓላይ ስጡኝ» ማለት፣ በእኛ ቤት ለእራት ነዶ እንደ መጠየቅ ነው። እኛም ዱቄት፣ ሊጥ፣ እንጀራ፣ ድርቆሽ ብለን እንለያለን። ሕዝብ በሚኖርበት ነገር ላይ ቃሉ ይበዛል።

በማሳ

የሩዝ ማሳ ውሃ የቆመበት ጭቃ ነው። የሚያርሰው ለማዳ ጎሽ ነው፤ ስሙ «ካላባው» ይባላል። እኛ ሁለት በሬ እንጠምዳለን፤ እነሱ ግን አንድ ካላባው ብቻውን ይጎትታል። ማረሻው «አራሮ» ይባላል። ቃሉ ከስፓኝ የመጣ ነው፤ ለእኛ ጆሮ ግን «አረሰ» ከሚለው ጋር ስለሚቀራረብ ቶሎ ይያዛል።

በማሳው ዳር ኩይሳ ቢኖር፣ የቀድሞ ሰዎች በአጠገቡ ሲያልፉ «ታቢ ታቢ ፖ» ይሉ ነበር፤ ዛሬም የሚሉ አሉ። «እባካችሁ፣ ልለፍ» እንደ ማለት ነው። በኩይሳው ውስጥ የማይታይ ሽማግሌ ይኖራል የሚል እምነት አለ። ለማይታየውም እንኳ «ፖ» ይባላል።

አንድ ቃል የሚጸናው በቦታው ሲማሩት ነው። «አራሮ» የሚለውን ከመጽሐፍ ቢያነቡት በማግሥቱ ይጠፋል። እጀታውን ይዘው፣ እግር ከጭቃ ውስጥ ገብቶ፣ «አኖ ፖ ኢቶ?» ብለው ጠይቀው ቢማሩት ግን አይጠፋም። «አኖ ፖ ኢቶ?» ማለት «ይኸ ምንድን ነው?» ማለት ነው። ለጀማሪ ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ የለም። አንዱን ጥያቄ ያወቀ ሰው መቶ ቃል ይሰበስባል።

ተናጋሪው ከፈጠነ «ዳሃን ዳሃን ላንግ ፖ» ይባላል፤ «ቀስ ይበሉልኝ» ማለት ነው። ካልተሰማ «ፓኪኡሊት ፖ» ይባላል፤ «እባክዎ ይድገሙልኝ» ማለት ነው። «ታጋሎግ ያውቃሉ?» ተብሎ ለተጠየቀ ሰው «ካኡንቲ ላንግ ፖ» ጥሩ መልስ ነው፤ «ጥቂት ብቻ» ማለት ነው።

ጎልማሳ ሰው አዲስ ቋንቋ ሲጀምር አፉ ይያዛል። «ይስቁብኛል» ብሎ ይፈራል። እውነት ነው፣ ሎስ ባኞስ ውስጥ ጥቁር እንግዳ ታጋሎግ ሲናገር ሰዎች ይስቃሉ። ሳቁ ግን የደስታ ነው። በሩቅ አገር ፈረንጅ «እንደምን አደራችሁ» ቢላችሁ እናንተስ አትስቁምን? ፊደል ስትጀምሩ ያለፋችሁበት መንገድ ስለሆነ ይኸ ለእናንተ አዲስ አይደለም።

በደብተር

ማታ ማታ የሰማነውን ሁሉ በፊደላችን እንጽፍ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደል ለታጋሎግ ቃላት ይመቻል፤ አብዛኛውን ድምፅ ይይዛል። አንድ ድምፅ ግን ያስቸግራል። «ዘንግ» ስንል በ«ን» ላይ ምላሳችን ወደ ጉሮሮ ይሸሻል። ታጋሎጎች ይህን ድምፅ ያለ «ግ» ብቻውን ይናገሩታል። በቃል መነሻም ይመጣል። ደጋግሞ ከማዳመጥ በቀር ሌላ መላ የለውም።

ሌላም ነገር አለ። አንድ ዓይነት ሆነው የተጻፉ፣ ነገር ግን ሲነበቡ የሚለዩ ቃላት አሉ። «ባሳ» በመጀመሪያው ላይ ጫን ከተባለ ማንበብ ነው፤ በመጨረሻው ላይ ከተጫነ ግን ርጥብ ነው። «ጋቢ»ም በመጨረሻው ከተጫነ ማታ ነው፤ በመጀመሪያው ከተጫነ ጎደሬ ነው። ይህ አያስደንቃችሁ። እናንተም «ገና» የሚለውን ቃል ስታነቡ፣ ሲጠብቅ የልደት በዓል፣ ሲላላ «ገና ነው» እንደሚሆን ታውቃላችሁ። «ዋና»ም እንደዚሁ ነው። ጽሕፈት ሁሉን አይናገርም፤ ቀሪውን ጆሮ ይሞላዋል።

ታጋሎጎች ዛሬ የሚጽፉት በላቲን ፊደል ነው። ድሮ ግን ባይባዪን የሚባል የራሳቸው ፊደል ነበራቸው። 17 ፊደላት ነበሩት። እንደ እኛ ፊደል እያንዳንዱ ምልክት ሙሉ ድምፅ ይይዝ ነበር፤ ድምፁን ለመለወጥ ከላይ ወይም ከታች ነጥብ ይደረግበት ነበር። በ1593 በማኒላ የታተመ አንድ የሃይማኖት መጽሐፍ በዚህ ፊደል ጭምር ተጽፏል። በኋላ ግን ታጋሎጎች በላቲን ፊደል መጻፍ ሲለምዱ ባይባዪን ከዕለት ጽሕፈት ወጣ። ፊደል የሚኖረው የሚያነበው ሰው እስካለ ድረስ ነው።

ልጆቻችን በሩቅ አገር

አሁን ወደ ጀመርነው ጉዳይ እንመለስ። በቤይሩት፣ በዱባይ፣ በሪያድ ብዙ ኢትዮጵያውያትና ብዙ ፊሊፒናውያት በሰው ቤት ይሠራሉ። በመካከላቸው በተሰባበረ ዓረብኛ ወይም እንግሊዝኛ ይነጋገራሉ። ሁለቱም ልጆቻቸውን ትተው ለልጆቻቸው ሲሉ የወጡ ናቸው።

ፊሊፒንስ በ2006 ደንብ አውጥታ ለቤት ሥራ የሚወጡ ሴቶች ከመሄዳቸው በፊት የሚሄዱበትን አገር ቋንቋና ልማድ እንዲማሩ አድርጋለች። ጥሩ ነገር ነው። ቋንቋ የማያውቅ ሰው ሥራው ይከብደዋል፤ ቢታመም አያስረዳም፤ ቢበደልም አቤት አይልም።

ስለዚህ ልጁን ወደ ውጭ አገር የሚሸኝ ወላጅ አስቀድሞ ይጠይቃት። «ውሃ፣ እሳት፣ አመመኝ፣ እርዱኝ፣ አልገባኝም» የሚሉትን ቃላት በዚያ አገር ቋንቋ ታውቃለች ወይ? ዓረብ አገር ለሚሄድ ሰው ቅድሚያ የሚሰጠው ዓረብኛ ነው። ከዚያ በኋላ ግን የሥራ ባልደረባዋ ፊሊፒናዊት ከሆነች፣ «ኩሙስታ፣ አቴ?» ብትላት ምን ይጎዳታል? የአገሯን ቋንቋ በሩቅ የሰማች ሴት ፊቷ ይበራል። በክፉ ቀንም ከጎን የምትቆም እኅት ትገኝ ይሆናል።

«ማሳኪት ፖ አንግ ኡሎ ኮ» ማለት «ራሴን ያመኛል» ማለት ነው። ሆድ ከሆነ «ኡሎ» በሚለው ፈንታ «ቲያን» ይገባል። «ቱሎንግ ፖ!» ማለት «እርዳታ!» ማለት ነው። እነዚህን ሁለቱን ባልደረባዋ ስትናገር የሰማች ኢትዮጵያዊት ነገሩን ትረዳለች፤ ዝም ብላ አታልፍም።

አሁን እናንተ መጻፍ ታውቃላችሁ። ለምትሄደው ልጅ ትንሽ ደብተር ስጧት። በመጀመሪያው ገጽ የቤተሰቧን ስም፣ የቀበሌዋን ስም፣ የስልክ ቁጥር በእጃችሁ ጻፉላት። በሁለተኛው ገጽ የምትሄድበትን አገር ቋንቋ ቃላት ትጻፍ። ስልክ ቢወሰድባት ደብተሩ ይቀራል። የማይጻፍ ቃል በድንጋጤ ጊዜ ይጠፋል፤ የተጻፈ ግን ይገኛል።

የዛሬ ቃላት

ታኦ ፖ = ቤቶች!
ቱሎይ ፖ ካዮ = ይግቡ
ኩሙስታ ፖ ካዮ? = እንደምን ነዎት?
ማቡቲ ፖ = ደኅና ነኝ
ሳላማት ፖ = አመሰግናለሁ
ኦፖ፣ ሂንዲ ፖ = አዎን፣ አይደለም
ማግካኖ ፖ ኢቶ? = ይኸ ስንት ነው?
አኖ ፖ ኢቶ? = ይኸ ምንድን ነው?
ካኢን ፖ ታዮ = እንብላ
ፓራ ፖ = ወራጅ አለ
ዳሃን ዳሃን ላንግ ፖ = ቀስ ይበሉልኝ
ቱሎንግ ፖ = እርዳታ!

መልመጃ

1. በፊሊፒንስ እንግዳ ከደጃፍ ቆሞ ምን ይላል? በእናንተ መንደርስ?
2. «ታዮ» እና «ካሚ» ልዩነታቸው ምንድን ነው? ለጎረቤታችሁ በቃል አስረዱ።
3. ሲጠብቅና ሲላላ ትርጉሙ የሚለወጥ የአማርኛ ቃል ሁለት ጻፉ።
4. በሰፈራችሁ ሌላ ቋንቋ የሚናገር ሰው አለ? ሰላምታውንና ምስጋናውን ጠይቃችሁ በደብተራችሁ ጻፉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይዛችሁ ኑ።